ሃያ ሰዓት ከአባት ጋር

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከብልባላ ወደ ላሊበላ ስንመለስ... በገዛ መኪናዬ ውስጥ ተከስሼ፣ እዚያው መንገድ ዳር ተፈረደብኝ።

መሪውን የያዘችው ልጄ ማህሌት ናት። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የለማጅ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወሯ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ሰኞ ነበር። ካለፈች፣ ሆቴል ያለው የእናቷ ዘመድ ከኤርፖርት እንግዳ የማመላለስ ሥራ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ከቀረች ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል።

እኔ ደግሞ አባት ነኝና ሕግ አወጣሁ። «እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ እየተቆጣጠርኩ ሃያ ሰዓት ሳትነጂ፣ ፈተና የሚባል ነገር የለም!» ደብተር ተገዛ፣ መስመር ተሰመረበት፦ የተነሳንበት፣ የደረስንበት፣ ፊርማ። አፈራረሜን ብታዩ አምባሳደር የምሾም ነው የሚመስለው።

አንድ አንቀጽም ጨመርኩበት። መኪናው ሲቆም ሰዓቱም ይቆማል።

ይቺ አንቀጽ ሌላ አገር ብትሆን ምንም አይደለችም። እኛ ጋ ግን የምታውቀውን ሰው በመስኮት እጅህን አውለብልበህ ካለፍከው «ምን አስቀየምነው?» ተብሎ ሽማግሌ ይላክብሃል። ስለዚህ ትቆማለህ። ልጆቹን፣ አዝመራውን፣ ከብቱን ትጠይቃለህ... በተለይ ከብቱን። ማህሌት ደግሞ ሰው አክባሪ ናት። እሷ ሰላም በምትልበት ጊዜ ሁሉ እኔ በስልኬ እለካለሁ፣ እቀንሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩ አስራ ሰባት ይላል። መኪናዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን ብልባላ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ይበቃል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ማደያውም አያውቅም። በኔ ስሌት ደርሶ መልሱ፣ በለማጅ እግር፣ ልክ ሦስት ሰዓት ነው። ሃያ ሞላ ማለት ነው።

ስንመለስ ግን መንገዱ ገበያተኛ ነው። የነፍስ አባታችን አባ ገብሬ ዳር ላይ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ጎረቤታቸው እማማ የሺ፣ ነጭ ሽንኩርት ተሸክመው። ደንቡ ለማጅ ሰው አይጭንም ይላል። ደንቡን ያወጣው ሰው ግን የነፍስ አባቱን አቧራ አልብሶ አልፎ አያውቅም መሰለኝ። ቆምን። መስቀል ተሳለምን፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ ተሳፈሩ።

ገና እንደተነሳን ስልኬን አየሁና «ሃያ ሁለት ደቂቃ ተቀነሰ» ብዬ አወጅኩ።

ማህሌት ፍሬቻ አሳየች። ዳር ይዛ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሁሉንም በሥርዓት።

«አባዬ፣ አሁን ስንት ሆነ?»

«ላሊበላ ስንገባ አስራ ስምንት ተኩል። ከዛሬው ሦስት ሰዓት ግማሹ በሰላምታ አለቀ።»

«ሰኞ አልፈተንም ማለት ነው?»

«ደብተሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግሽ ልጄ!» ደብተሩን የምጽፈው ራሴ መሆኔን እዚህ ላይ አላነሳሁም።

ከኋላ አባ ገብሬ «ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ። ማህሌት አስረዳቻቸው።

እማማ የሺ ብው አሉ። «እኛን ሰላም ስላለች ነው የምትቀጣት? ታዲያ ድጣን ትለፍ አንተ?»

ልጄ ግን አልጨረሰችም። ከኪሷ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። «እሺ፣ የቆምኩት ይቀነስ። አባዬ የተኛውም ይቀነስ።»

«የተኛሁት?!»

«ሐሙስ፣ የኤርፖርት መንገድ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ማክሰኞ፣ የገደሉ መንገድ ላይ፣ አርባ ደቂቃ... እያንኮራፋህ። ሌላም አለ። ሲደመር አምስት ሰዓት ከሩብ። ‹እየተቆጣጠርኩ› ብለህ የለ? ማን ተቆጣጠረኝ?»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ስንደርስ ማን ይቀሰቅስህ ነበር?»

አስጎብኚ ነኝ፤ ከንጋት ጀምሮ እንግዳ ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ውዬ ነው ከጎኗ የምቀመጠው... ብዬ ልከላከል አሰብኩና እማማ የሺን አይቼ ተውኩት።

ማህሌት ወረቀቷን አጠፈች። ድምጿ ቀጠነ። «ስለዚህ እውነቱ አስራ ሦስት ከሩብ ነው። ሰኞም አልደርስም፣ በሌላው ዙርም እንጃ። ግን በኔ አልጎደለም አባዬ።»

አባ ገብሬ በሩን ከፈቱ። «ውረዱ» አሉ። ወረድን። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እማማ የሺ ሽንኩርታቸው ላይ። እኔ ቆምኩ።

«እሷ በገደሉ ዳር ስታዞርህ ተኝተህ ነበር?»

«ይመስለኛል አባ...»

«ይመስለኛል አትበል።»

«ተኝቼ ነበር።»

«እኔ በዚህ መንገድ መኪና ስሳፈር፣ ሾፌሩ ማንም ይሁን፣ ከፍርሃት የተነሳ ዳዊቴን ስደግም ነው የምደርሰው። አንተ ገደል ዳር አንኮራፋህ። ልጅህን ከዚህ በላይ በምን ልታምናት ነው? ደብተሩ ላይ የምትጭረውን እኮ ዓይንህን ጨፍነህ ፈርመሃል!»

ፍርዱ ተነበበ። የተኛሁበት ሰዓት አይቀነስም። በሰላምታ የቀነስኩት ሁሉ ይመለሳል፤ «ሰው ሲታይ መቆምም መንዳት ነው» ተብሎ። ሲደመር ሃያ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሽምግልናው ራሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ልቀንሰው ስልኬን ሳወጣ አባ አዩኝ... መለስኩት።

እዚያው ኮፈኑ ላይ ፈረምኩ። እማማ የሺ እልል አሉ። ማህሌት ገብታ ሞተሩን አስነሳች፣ መስታወቷን አስተካከለች፣ ግን ፈገግታዋን መስታወቱ ውስጥ አየሁት።

ሰኞ ተፈተነች። አለፈች። ሥራም ጀምራለች።

እንግዲህ እኔም ውጤቱ የታየ አሰልጣኝ ሆኛለሁ... ለማጅ ልጅ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ ትራሴን ይዤ እመጣለሁ።