የጋሪው ፍሬን

ምቀኝነት ያልተማረ ሰው በሽታ ነው ይባላል። ውሸት ነው። እኔን የጀመረኝ ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ከማዕረጌ ጋር አብሮ አደገ።

የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ሆኜ ቆሰበር ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን ወርክሾፑ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን የያዘው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለቅሶ ሄዷል። ደጅ ጭቃ ላይ ቆሜ ስለ ብየዳ አስተማርኩ። ያን ቀን ጥሩ መምህር ነበርኩ፤ የምቀናበት ሰው ገና አልተቀጠረም።

ከዓመታት በኋላ ዲኑ ለዳንግላ ጋሪዎች ፍሬን እንድሠራ አዘዘኝ። ጭነቱን፣ ቁልቁለቱን፣ የጎማውን ስፋት አሰላሁ። ብረት በብረት የሚይዝ ፍሬን በየድኩ። ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪዎች ጋሪውን እየጎተቱ ሞከርነው፤ ቀጥ አለ። ዳንግላ ላይ ግን ፍሬኑ ሲያፏጭ ፈረሱ በርግጎ ጋሪውን ቦይ ውስጥ ከተተው። ሰው አልተጎዳም። ሪፖርቴ ላይ «ፈረሱ ያልሠለጠነ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው ለእመቤት ተሰጠ። ተማሪዬ ነበረች፤ ኋላ ባልደረባዬ ሆነች። ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሠራችው፤ ባለጋሪዎቹም ተቀበሉት። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ስታመለክት ገምጋሚ ሆኜ ፋይሏ እኔ ዘንድ መጣ። እስከ ዓርብ ሴኔት ካልደረሰ ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀት ሥር ከተትኩት።

«ጋሼ፣ አዩልኝ?» አለችኝ ኮሪደር ላይ።

«ስሌቱ ሳሳ ብሏል።»

«ስሌት ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» ብላ ሳቀች።

ሐሙስ ጉድለት ፍለጋ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። አያ ልየው የሚባሉ ባለጋሪ ጫኑኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉን ረገጡ፤ ጋሪው ያለ ድምፅ ቆመ።

«ማን ሠራልዎ?»

«አንዲት መምህርት። ሦስት ቀን አብራን ስትዞር ዋለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ፈረሱ ምን እንደሚፈራ ነው።»

«ከእሷ በፊትም የሞከረ ነበር አሉ?»

«እሱን ይተዉት ጌታው! ፈረሱ አልሠለጠነም ብሎ ጻፈ አሉ። እኛማ፣ እንግዲያው ዩኒቨርሲቲ እናስገባዋ ብለን ሳቅን።»

አልሳቅሁም። ዓርብ ጠዋት ፋይሉን አውጥቼ ያለ አስተያየት ፈረምኩ። ማዕረጉ ጸደቀላት። ዛሬም ስሟ ከነማዕረጉ ሲጠራ እቀናለሁ። ቅናት በፊርማ አይለቅም፤ ፊርማም ቅናት እስኪለቅ መቆየት የለበትም።

የምትቀናበት ሰው ሥራ እጅህ ላይ ካለና ደህና ሥራ ከሆነ፣ ይህን ወረቀት አስቀምጥና ሂድ ፈርም።