አዳራሽ መሃል «ኖር» ያልኩ ቀን

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በምኖርበት የፈረንጅ አገር፣ ብሉር ከሚባል ጎዳና አጠገብ ባለ አዳራሽ ውስጥ የገጠመኝን ለብዙ ሰው አልተናገርኩም። ግማሹን በእንቅልፍ ልቤ ስላየሁት ነው መሰለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ጭጋግ የለበሰ ይመስለኛል። ግን ሆኗል፤ ምስክርም አለኝ።

የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ያን ቀን የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ወደ ባቡሩ ስሄድ በረዶው በዝግታ ይወርድ ነበር። አንድ አዳራሽ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ፤ አንድ የፖለቲካ ፈላስፋ ስለ ምክንያታዊነትና ስለ ማንነት ንግግር ያደርጋሉ ይላል። መግቢያው በነጻ ነው።

ማንነት የሚለውን ሳይ ቆም አልኩ። ጓደኛዬን ሄለንን ያጣሁት በእሱ ነው። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። አገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ እሷ ከአባቷ ወገን፣ እኔ ከአባቴ ወገን ቆምን። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ስንከራከር፣ «ከእናንተ ጋር ከእንግዲህ አንድ ትሪ ላይ አልበላም» አልኳት። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃት ስልኩን አነሳለሁ፤ ኩራቴ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፈላስፋው ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ሰው አስቦ ነው ወገኑን የሚመርጠው፣ ወይስ ወገኑ ነው የሚያሳስበው እያሉ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ግን ቶሎ አይሰጡም። ሙቀቱና ድካሙ ተባብረው ዓይኔን ከደኑት። ወዲያው አባቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ዘመድ አዝማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሁሉም ዝም ብሎ እንግዳ ይጠብቃል።

በሩ ሲጥ አለ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ብድግ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ «ኖር» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ዘግይተው የመጡ ፈረንጅ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ላይ በረዶ አለ። ፈላስፋው ንግግራቸውን አቁመው፣ «ጥያቄ አለሽ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ወደ ግራ ዞር አልኩ። ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ሴት እንደኔው ቆማለች።

ሄለን ናት።

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የቆምነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩና እጅ ነስተው ተቀመጡ። «ጥያቄ የለኝም» ብዬ እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተባለው አንዱም ጆሮዬ አልገባም። ሳታናግረኝ ብትሄድስ እያልኩ ብቻ ነበር የማስበው።

ሲያበቃ ኮቴን እንኳ ሳልቆልፍ ወጣሁ። መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ የቦት ጫማዋን ታስራለች። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቀስ ብላ ተነሳች።

«ኖር» አለችኝ።

«በእግዜር» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ሄሉ፣ ያን ቀን ያልኩሽ . . . »

«ሁለት ዓመት ኮል ታደርጊያለሽ ብዬ ስጠብቅ፣» አለችኝ፣ «አንቺ ፈረንጅን ኖር ትያለሽ።»

ፈላስፋው በመጨረሻ ምን መልስ እንደሰጡ ሁለታችንም አናውቅም። ስለ አገራችን ነገር ዛሬም አንስማማም፤ አንዳንዴ ድምፃችን ጎረቤት ይሰማል። ግን እሁድ እሁድ ትመጣለች። በሩን ስትከፍት ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ ትሪውን አቀርባለሁ።