ከበረዶ የወጣው ሟች

ልጅ ሳለሁ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አያቴ የሚያወራልን ተረት ሁሌም ከቤታችን በር ይጀምር ነበር። በሩ ከወደቀ የጦር አውሮፕላን የተቆረጠ ቆርቆሮ ነው። ያኔ ፍሙ እየደከመ፣ የኩራዙ ብርሃን ቆርቆሮው ላይ ሲወዛወዝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ ይህን በር የገጠመ ዕለት ሲመሽ ይንኳኳ ጀመር፤ ሲከፍቱት ማንም የለም» ይለን ነበር። ሽማግሌዎች፣ ሰው የሞተበት ብረት ለቅሶ ሳይቀመጡለት ቤት አይገባም አሉ። የጠላት አብራሪ ቢሆንም፣ ስሙን ባያውቁትም፣ መሬት ተቀምጠው አለቀሱለት፤ መንኳኳቱም ቆመ። እኛ ልጆች ግን ጆሯችንን ቆርቆሮው ላይ እየለጠፍን እናዳምጥ ነበር።

ዘንድሮ እዚህ ጆሃንስበርግ ልጄ ምሕረት አሮጌ የጦር አውሮፕላን የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኘች። ከምድር ሰሜን ጫፍ፣ ከበረዶ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ፣ አብራሪው የሞተበት አውሮፕላን በመርከብ መጥቶላቸው ነበር። ቀጭን ስለሆነች ጭራው ውስጥ በደረቷ እየተሳበች ገብታ የምትሠራው እሷ ናት። አንድ ቀን ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ወዳለው ሱቃችን መጥታ የዱቄት ከረጢት ላይ ዘፍ አለች።

«እማ፣ ፕሊስ እንዳትስቂ። ከውስጥ ያንኳኳል። አለቃዬ ደግሞ ነገ ካልገባሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሎኛል።»

«ለቅሶ ተቀምጣችሁለታል?»

«ለማን?»

በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አብሬያት ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ፣ አንድ የዙሉ ሽማግሌ፣ ለሟቹ ላለቅስ መምጣቴን ሲሰማ፣ በእነሱ ወግ ለሙት ይታረዳልና፣ «ዶሮዋስ፣ ማማ?» ብሎ ቀለደብኝ።

«ጉልበቴን ማንበርከክ ይበቃል» አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ውጭ የጥር ፀሐይ ያቃጥላል፤ የአውሮፕላኑን ብረት ስነካው ግን እጄ በቅዝቃዜ ደነዘዘ። እኛ ጴንጤዎች ለሞተ አንጸልይምና ለልጄ ጸለይኩ። ለእሱ፣ ስሙን ስለማላውቅ፣ «የእናቱ ልጅ፣ የእናቱ ልጅ» እያልኩ አለቀስኩ ብቻ። ምሕረት እንባዋን ጠርጋ ገባች። ሥራዋን ጨርሳ እስክትወጣ ከመዶሻዋ ሌላ ምንም አልተሰማም።

ዳቬይተን ውስጥ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ብረት በር ሲንኳኳ ዘራፊ ሊሆን ይችላልና ደግ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያን ዕለት ወዲህ ግን አልፎ አልፎ ሲመሻሽ፣ ቀስ ብሎ ይንኳኳል። በፍርግርጉ ሳይ ማንም የለም። አብራሪው ያለቀሰችለትን ተከትሎ መጥቶ ይሆን? አያቴ ይህን አልነገረንም። ከእሱ የቀረልኝ ማዳመጥ ነውና፣ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ብረቱ ላይ እለጥፋለሁ። ይቀዘቅዛል።

«ቤት ደርሰሃል፣ ልጄ» እለዋለሁ።