የታኒ ሄስተር ጠመንጃ ሰደፍ

ልጅ ሳለሁ በሰው አገር፣ ጻካኔ በምትባል ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ ከሚሉት የአባቴ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነበር የምንኖረው። መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ እናቴ ከሰል ታቀጣጥላለች፤ አጎቷ አባባ ላምባሞ ደግሞ ተረት ይጀምሩልናል። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሳሉ አናጢ ስለነበሩ እጃቸው ሥራ ከፈታ አፋቸውም አይፈታም፤ ቢያንስ የተሰበረ የወንበር እግር ካልያዙ ቀበሮም ጅብም ከጉድጓዱ አይወጣላቸውም ነበር።

ያኔ ግን ብራክፓን በሚባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ የጠመንጃ መጠገኛ ወርክሾፕ ውስጥ ወለል ይጠርጉ ነበር። አንድ ቀን ታኒ፣ እንደኛ እትዬ፣ ሄስተር የሚባሉ በግ አርቢ አሮጊት የአባታቸውን ጠመንጃ ይዘው መጡ። በየተኩሱ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ፣ ግልገል የሚነጥቁ ቀበሮዎች የሚመቱበት የድሮ ጠመንጃ ነው። ብረቱ ዝጓል፤ የእንጨት ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። የወርክሾፑ ባለቤት ብረቱን አጽድቶ አዲስ የማነጣጠሪያ መነጽር እንደሚገጥምለት፣ እንጨቱ ግን ተጥሎ በፕላስቲክ እንደሚተካ ሲነግራቸው የአሮጊቷ ዓይን እንባ አቀረረ። አባባ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው «እኔ ልሞክረው» አሉ።

ባለቤቱ ሳቀ። «እሺ። ከሰበርከው ግን ለሴትዮዋ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ብረቱ በሕግ ከወርክሾፕ አይወጣምና ሰደፉ ብቻ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ ቤታችን መጣ። አባባ ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞልተው በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እንጨቱ ተመቶ የሰረጎደበት ቦታ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው በፍም ያጋሉትን ካውያ ሲያሳርፉበት፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ እንጨቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል በዓይናችን አየን። መነጽሩ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም የጉንጭ ማሳረፊያውም ከፍ ማለት ነበረበት፤ ታኒ ሄስተር እንደ እናቴ አጭር ናቸውና አባባ እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስደግፈው ለኩ። እሷም ሳቋ አልቆም ብሏት ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

በመጨረሻ የተልባ ዘይት በመዳፋቸው ስስ አድርገው እያሹ፣ በግ ጠባቂ ሆና ለመቀጠር ያመለከተችውን ቀበሮ ተረት ጀመሩ። በጎቹ ዋስ ጥሪ ቢሏት ጅብን ይዛ ቀረበች።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ዘይቱ ይድረቅ» ብለው ሰደፉን ሰቀሉት።

አላስቻለኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ደርቆ እንደሆነ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ አሻራዬ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ምሽት ላይ ስናዘዝ አባባ በፋኖሱ ብርሃን አገላብጠው አዩትና «ጅቡንም እንዲህ አቸኩለሽ ብታስገቢው በጎቹን ይጨርስልሽ ነበር» ብለው ከት ብለው ሳቁ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እንደገና ቀቡት። ሁለት ምሽት ዘገየን፤ በጎቹም ጅቡን ከነቀበሮዋ አባረው ውሻ ቀጠሩ።

ቅዳሜ ባለቤቱ ጠመንጃውን ገጣጥሞ፣ አባባን፣ እናቴንና እኔን በባኪው፣ ከኋላ ክፍት በሆነች የጭነት መኪናው፣ ወደ ታኒ ሄስተር እርሻ ወሰደን። መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከአፈር ቁልል ፊት የሰርዲን ጣሳ ተቀመጠ። አሮጊቷ መጀመሪያ ሰደፉን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ጉንጫቸውን አሳረፉ። አባባ ጆሯቸውን በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውንም ጨፈኑ፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ፈርተው ነው።

ጧ! ጣሳው ተፈናጥሮ ሄደ። ደገሙ፤ ሠለሱ። ሰደፉ ንቅንቅ አላለም። ታኒ ሄስተር ጠመንጃውን ባዶ አድርገው አስቀመጡና በቋንቋቸው እየጮሁ መጥተው አባባን አቀፏቸው፤ እናቴ ሜዳውን በእልልታ ሞላችው፤ አባባ ግን ገና ዓይናቸውን አልገለጡም ነበር።

ባለቤቱ የተሰነጠቀበትን ቦታ ሲፈልግ ቆይቶ አጣው። ቀና ብሎ «ስምህ ማን ነው?» አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ማዳላ»፣ ሽማግሌው፣ ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቋቸው አያውቅም።

አባባ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ላምባሞ ኤርሲዶ ሀንዲሶ» አሉ፤ የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም፣ ሳይቸኩሉ። ሰኞ ወርክሾፑ ሲደርሱ ከመስኮቱ አጠገብ የራሳቸው መሥሪያ ጠረጴዛ ጠበቃቸው።

ዛሬ ፎርድስበርግ በሚባል የገበያ ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ። ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ አባባ በዚያ ሜዳ ላይ ስማቸውን የተናገሩበት ድምፅ ግን አልጠፋም። አንዳንዴ ደንበኛ «ስምሽ ማን ነው?» ሲለኝ ሳላስበው እስከ አያቴ ድረስ እጠራለታለሁ።