ሞዞው የተላቀቀ ለት

ባለፈው ሳምንት ቆቦ መግቢያ ላይ ካለ ጋራዥ ጎማ ላስነፋ ቆሜ፣ ናፍጣ የጠጣ የዛገ ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የአባቴ ድቡልቡል ሰማያዊ አሮጌ መኪናና ከሥሯ ብቅ የሚሉት ቀጫጭን እግሮቹ ትዝ አሉኝ። አባቴ መምህር ነበር፤ ከክፍል ውጭ ያለው ዕድሜው ግን ያለቀው እዚያች መኪና ሥር ነው ብል አላጋነንኩም።

እህቴ ዘውድነሽ ለዋጃ ሰው በተዳረች ጊዜ፣ ልጄን ራሴ ነድቼ ነው የማደርሳት ብሎ ተናገረ። የሙሽራ አባት ቤቱ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል እንጂ ሾፌር አይሆንም ቢባል የሚሰማ አልሆነም። በሰርጉ ሳምንት ደግሞ የኋላው ፍሬን ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። እናቴ ፍሬን በሌላት መኪና ልጄን አላሳፍርም፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ካልተሠራች በሙሽራው ሚኒባስ ትሄዳለች ብላ ቆረጠች። ፍሬኑን ለመሥራት ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ሞዞውን፣ ማውለቅ ግድ ነበር። የግራው በመዶሻ ተለምኖ ወጣ። የቀኙ ግን ናፍጣ ቢጠጣ፣ በእሳት ቢለበለብ፣ ቢቀጠቀጥ፣ ወይ ፍንክች። አባቴ ለእናቴ ላለመሸነፍ ምሳውን እንኳ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ በላ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤታችን የሼህ ይመር በሬዎች አውድማው ላይ ማሽላ እያበራዩ ሲዞሩ አባቴ ትክ ብሎ አይቶ ድንገት ተነሣ። ሞዞውን የሚይዘውን ዳዶ ሳያወልቅ ላላ አድርጎ ጎማውን መለሰ፤ ከዚያም የመኪናዋ ክብደት ራሱ ብረቱን ያላቅቀዋል ብሎ፣ ለሰርጉ ከመጡት አክስቶቻችን ደልደል ያሉትን መርጦ ከኋላ አሳፈረ፣ እኔን ትንሿን ሴት ልጁንም ከፊት ጨመረ። ሼህ ይመር በሬዎቻቸውን ፈተው ቦታ ለቀቁለት።

“መምህር፣ ይሁን ግባ፤ ሳታበራይልኝ ግን አትወጣም” አሉት።

ፍሬን የለምና በዝግታ ዞርን፣ ዞርን። ማሽላው ከሥራችን ይንኮሻኮሻል፣ ገለባው በመስኮት ይገባል፣ አክስቶቼ በየመታጠፊያው አንዷ ባንዷ ላይ ይወድቃሉ። በመጨረሻ ከቀኝ በኩል ጧ! አለ፣ ልክ እንደ ጥይት። በእኛ አገር ሰርግ ቤት ጥይት ከተተኮሰ ሙሽራው መጣ ማለት ነው፤ ዳስ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩት ሴቶች ሰውዬው አንድ ቀን ቀድሞ የመጣ መስሏቸው ቢላዋቸውን እንደያዙ እልል እያሉ ወጡ፣ እህቴም ፀጉሯ ግማሽ እንደተሠራ ጓዳ ገብታ ተደበቀች። ሴቶቹ ያገኙት ግን አውድማው መሃል እስክስታ የሚወርድ አባቴን ነው። ነገሩ ሲገባቸውም አላቆሙም፤ እልልታውን ለሞዞው አዞሩለት። እንደዚያን ለት የኮራ ሰው አላየሁም።

ሳይመሽ ፍሬኑ ተሠራ። በማግስቱ አባቴ ሙሽሮቹን አሳፍሮ ሲወጣ፣ በር ላይ የቆመችው እናቴ ፊት ሲደርስ ቀጥ አድርጎ አቆመ። ጥቂት ሄደና ደግሞ አቆመ። እስከ አስፋልቱ ድረስ እንዲሁ እየሄደ እያቆመ፣ የእህቴ የራስ ቬሎ ዓይኗ ላይ እየወረደ፣ እናቴ እየሳቀች እያለቀሰች።

አባቴ ካረፈ ቆየ፣ መኪናዋም የሌላ ሰው ሆነች። የእኔዋ ፍሬኗ ደህና ነው። እናቴን ጠይቄ ስወጣ ግን ዛሬም በር ላይ ትቆማለች፣ እኔም ያለ ምክንያት ፊቷ ስደርስ ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ። ትስቅና እጇን ታወዛውዛለች።

“በል ሂድ፣ አመንኩህ” ትላለች፤ ለእኔ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።