ለማርቆስ ነው ያልኩት ሻርፕ

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ማርቆስ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ሻንጣውን ሳሎኔ መሀል ሲከፍት፣ ከጫማውና ከሽቶው ሥር አንድ ሻርፕ ወጣ። ቡኒ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ደግሞ ቡኒ። ገና ወጣት ሳለሁ እዚሁ ሆሳዕና በእጄ የሠራሁት ነው። ጨርሶ አላረጀም።

"አንድም ቀን አልለበስኩትም" አለኝ እያቀበለኝ።

ልጄ ጎኔ ተቀምጣ ነበርና "ይሄን የመሰለ ነገር እንዴት አይለበስም?" ብላ ተቆጣችው። እኔ ግን የድሮው ጭንቀት ተነሣብኝና ሻርፑን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩት።

ክሩን የገዛልኝ ታምራት ነበር። ታምራት የጎረቤታችን ልጅ፣ የማርቆስ የልብ ጓደኛ፣ የእኔ ደግሞ ማንም የማያውቀው ፍቅረኛዬ። ቤተሰቦቻችን የሚያመልኩት አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ሽማግሌ ሳይላክ መቀራረባችን ቢታወቅ ጉድ ይፈላ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ብዙው የሰፈራችን ወጣት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊወጡ ሰሞን፣ ታምራት ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ያንን ክር ይዞልኝ መጣ። ራሱ ቀለሙን እየቀያየረ የሚሄድ ክር ያኔ ለከተማችን ብርቅ ነው።

"የቱ እንደሚያምርብኝ ስላላወቅኩ ሁሉም ያለበትን ገዛሁ" አለኝ። "እዚያ ሐምሌ ብርድ ነው አሉ። ሻርፕ ሥሪልኝና ስደርስ በሚመጣ ሰው ትልኪልኛለሽ።"

"እዚህስ ሐምሌ መቼ ሞቆን ያውቃል?" አልኩት። ሳቀ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በዚህ መንገድ የወጣ ሰው እስኪደርስ ድረስ አይነገርም። ለጠየቀን ሁሉ "ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ናቸው" እንላለን። ጠያቂውም የራሱን ልጅ እንዲሁ የሸኘ ስለሆነ፣ እንዳመነ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኔም መርፌዎቼን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። "ለማን ነው?" ላለኝ ሁሉ "ለማርቆስ" እላለሁ።

ክረምቱ ገባ፣ እነሱ ግን አልደወሉም። እኛ ቤት ስልክ የለም። የሰፈሩ ስልክ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው ያለው። ቢሆንም ዝናቡ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ስልክ የጠራ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጋታም ነኝ፤ በዚያ ክረምት ግን ባሰብኝ። ከራሴ ጋር ውል ገባሁ፤ ሰማያዊው ላይ ስደርስ ይደውላሉ አልኩ። ሰማያዊው መጣ፣ አለፈ፣ ቡኒው ተተካ። እንግዲያው በሚቀጥለው ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ፍጥነቴን ጨመርኩ። እናቴ ብታውቅ "አማኝ ሆነሽ በክር ትጠነቁያለሽ?" ባለችኝ ነበር።

ቆጮው ከጎመኑ ጋር ሲቀርብ አልወርድ አለኝ። እናቴ ለማርቆስ ተጨንቄ መስሏት ታጽናናኛለች። ለማርቆስም በእርግጥ ተጨንቄያለሁ። ስጸልይ ግን የማንን ስም ቀድሜ እንደምጠራ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ጭቃውን እየረገጥኩ እንደ ልማዴ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ ሌላ ጊዜ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "አልደወሉም ልጄ፣ ይደውላሉ" ይለኛል። ያን ቀን ስኳር እየመዘነ ነበርና ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አላነሣም።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ዛሬስ?"

"ዛሬም የለም።" ስኳሩን ጨመረ፣ መልሶ ቀነሰ። "ሻርፑስ አለቀ?"

"ሰማያዊው ላይ ነኝ።"

"በርቺ" አለና ወደ ጓዳ ገባ። ስኳር ሊገዛ የመጣው ሰውዬ እንደቆመ ቀረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግቢያችንን ጉም ሸፍኖታል። ሻርፔን ይዤ በረንዳ ላይ ሳለሁ ከእንሰቱ ወዲያ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ከፊት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ቀጥሎ ጋሽ ሸምሱ፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ቀን የሰማው እንኳ ሐዘንተኛው ያችን ሌሊት በሰላም ይደር ብሎ አፉን ይዞ ያድራል። እናቴ ስታያቸው "ማርቆሴ!" ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ ጴጥሮስ ሮጦ ክንዷን ያዘ። "ማርቆስ ደህና ነው! ደርሷል! ትናንት ጠዋት ራሱ ነው የደወለው።"

"በጌታ ስም?"

"በጌታ ስም፣ እህቴ።"

እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "ተመስገን፣ ተመስገን" ስትል እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ከእኛ ጋር ማንም እንዳልተደሰተ አስተዋልኩ። ጋሽ ሸምሱ እጄ ላይ ያለውን ሻርፕ እያየ ነበር።

"ነጠላሽን ልበሺ" አላት ጋሽ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ። "ታምራት መንገድ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ በወባ ሞቷል። እናቱን ስንነግራት ካንቺ ሌላ የሚይዛት የለም።"

እናቴ "አንቺ ቤት ጠብቂ" ብላኝ አብራቸው ሄደች። ከሁለት አጥር ወዲያ ጩኸቱ ሲነሣ ብቻዬን ቆሜ ሰማሁት። እኔም መጮህ ፈለግሁ። ግን ምኔ ነው ብዬ?

ሥራውን ማቆም እንኳ አልቻልኩም። ለማርቆስ ነው ብያለሁ፣ ማርቆስ ደግሞ በሰላም ደርሷል፤ ባቆም ለምን ይሉኛል። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ የታምራትን እናት ላጫውታት ስሄድ ይዤው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ጫፉን አንሥታ በመዳፏ ዳሰሰችው።

"ለማን ነው?"

"ለማርቆስ።"

"ታምራቴም አንገቱን ይበርደው ነበር" አለች።

አቀርቅሬ መርፌዬን ቀጠልኩ፣ እጄ ግን ሳተ። ሰማያዊው ላይ የቀረችው ትንሽ ቀዳዳ እስከ ዛሬ ትታያለች። ሻርፑ ሲያልቅ በአውሮፕላን ለሚሄድ የሰፈር ሰው ሰጥቼ ለማርቆስ ላክሁት።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ ከሳሎን ስትወጣ፣ ለምን እንዳልለበሰው ወንድሜን ጠየቅሁት።

"ጫካ ውስጥ ሲበርደን ታምራት ያበሽቀኝ ነበር" አለኝ። "'እኔ እንኳ ሻርፕ እየተሠራልኝ ነው፣ አንተም የሚሠራልህ ፈልግ' ይለኛል። ማን እንደምትሠራለት አልነገረኝም። የላክሽው ሲደርሰኝ ገባኝ። የሰው ልብስ እንዴት ልልበስ?"

የታምራት እናት ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ናት። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ሐምሌም ገብቷል። ነገ ከአምልኮ መልስ ባጃጅ ይዤ ሻርፑን እወስድላታለሁ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ ይሄን ሳስብ እንደዚያን ጊዜ ብድግ ቁጭ እላለሁ። ሰው ከጭንቀት የሚገላገለው ነገሩ ሲያልፍ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ካልተናገሩት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንገቷ ላይ ሳደርግላት በመዳፏ ዳስሳ "ለማን ነው?" ማለቷ አይቀርም።

"ለታምራት ነበር" እላታለሁ። ምን እንደምትመልስልኝ አላውቅም፤ ፈርቻለሁ።