መምህሩ ያልፈለገው መቃብር

ተማሪዎቹ «ልብ አውልቅ» ይሉት ነበር። አሰልቺ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ በየዓመቱ የደም ዝውውር ትምህርት ሲደርስ ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝቶ፣ በፌስታል አንጠልጥሎ ክፍል ስለሚገባ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና ልቡን በምላጭ ሰንጥቆ፣ «ኑ፣ ጣታችሁን አስገቡ፤ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር የቱ ጋ ነው?» ይላል። የሚጸየፍ ነበር፣ የሚስቅም ነበር፤ የረሳ ግን የለም። የሚቆጣው «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ያሉት እንደሆነ ብቻ ነው። «መጽሐፉን ተወው፤ አንተ ምን አየህ?»

ሚስቱ ያንን ፌስታል አትወደውም ነበር። «ደግሞ ዛሬ የማንን ልብ ይዘህ መጣህ?» ትለዋለች።

«ያንቺንማ ድሮ ወስጄው የለ!»

ልጅ አልወለዱም። እሱ ፈተና ሲያርም እሷ ልብስ ስትሰፋ፣ የዋሉበትን እያወሩ ነው አብረው ያረጁት። ሌላው ሰው ለእናቱ፣ ለልጁና ለጎረቤቱ ከፋፍሎ የሚያወራውን እሷ ሁሉንም የምትነግረው ለእሱ ነበር።

ሳንባው ታሞ አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ እጇን ያዘ። «ስሞት አትቅበሪኝ። ለሕክምና ተማሪዎች ስጪኝ። ዕድሜ ልኬን በበግ አስተማርኩ፤ አንዴ እንኳ በሰው ላስተምር።»

«ኧረ አታሟርት!»

«ቃል ግቢልኝ።»

ገባችለት። ከሕክምና ኮሌጁ ጋር ሁሉን ተነጋግሮ ጨርሷል፤ የቀረው ሲያርፍ ስልክ መደወል ነው፤ እሱም የእሷ ድርሻ ሆነ።

ያረፈ ዕለት ታላቅ ወንድሙ ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ነገሩን ስትነግረው ክው አለ። «እህቴ፣ በሞቴ፣ ወንድሜን እንደ በግ ሊበልቱት ነው? ሲናፍቀን የት ሄደን እናልቅስ?»

ሌላውን ችላው ነበር። «የት ሄደን» ያለው ግን አንጀቷን ቆረጠው። እሱን ሰጥታ ወደዚያ ባዶ ቤት ስትመለስ ታያት። ስልኩ እጇ ላይ ነበር። ወንድምየው አልነጠቃትም፤ ይህን በማንም አታላክክም። ራሷ አስቀመጠችውና፣ «እንቅበረው፣ ጋሼ» አለች።

ቀብሩ ላይ ሰው ጎረፈ። የድሮ ተማሪው የነበረች ሐኪም አቅፋት አለቀሰች። «አሁን እኔም ኮሌጁ ውስጥ አስተምራለሁ፣ እማማ። የሰው አካል ስላጣን ለተማሪዎቹ የምናሳየው የፕላስቲክ ነው። መምህር ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።» ሌላው ሁሉ «አይዞሽ፣ በወግ በማዕረግ ሸኘሽው» ይላታል። ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

አሁን በየሳምንቱ መቃብሩ ጋ ትሄዳለች። ድንጋዩን ትጠርጋለች፤ አጠገቡ ያሉት መቃብሮች ላይ የበቀለውን አረም ሳይቀር ትነቅላለች። የቀበረችው የምታወራው ሰው እንዳታጣ ነበር፤ የጣሪያውን ማፍሰስ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ ጎረቤቷ የሠራችባትን ልትነግረው። አፏን ስትከፍት ግን ከሁሉ በፊት ይቅርታ መጠየቅ እንዳለባት ይታወቃታል። ይቅርታ ብትለው ውሸት ይሆናል፤ እሱ ፊት ደግሞ ውሸት ሆኖላት አያውቅም። ዛሬ እንደገና ቢሞት፣ እንደገና ትቀብረዋለች።